ሦስተኛው ጥያቄ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ልጽፍ እንደምችል አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ትምህርቴም ደብዳቤ አንብቦ መልስ ከመጻፍ አያልፍም። የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ አንዳንድ ቦታ አዛብቼ ይሆናል። የሰዎቹንም ስም ወደ እኛ አፍ አቅርቤ ነው የጻፍኩት፤ እንዳለ ብጽፈው አንባቢን ያስቸግራል፣ በሕይወት ያሉትንም ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ሳይሆን ሆን ብዬ ትቻለሁ። ነገሩ ሁሉ የተነሳባትን ቃል እዚህ አልጽፋትም። ከዚያ አገር ከወጣሁ ብዙ ክረምት አልፏል፤ እዚህ ድረስ የሚከተለኝ ጆሮ አለ ብዬም አይደለም። ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም። አጭር ናት፤ አፍ ተከፍቶ ሳይገጠም ታልቃለች። አንባቢ ይህን ካወቀ ይበቃዋል።

በዚያ አገር ስድስት ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፤ ስድስቱም የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ከቋንቋ ቋንቋ የሚገጥም ነገር አልነበረም፤ ከዚያች ቃል በቀር። እሷ ግን በስድስቱም አፍ ነበረች፣ በስድስቱም ሌላ ነበረች። እኔ በተወለድኩበት በወንዝ ዳር፣ ታንኳ በገመድ የሚስቡ ሰዎች እኩል እንዲስቡ የሚጮኹባት ቃል ናት። ለቆላ ከብት አርቢዎች ገና ስም ያልወጣለት ጥጃ ማለት ነው። ደገኞች ልጅ ወደ እሳት ሲጠጋ “ቆይ” የሚሉት በእሷ ነው። ለጨው ሜዳ ሰዎች ጥላ ማለት ነው። ማር ቆራጮች ጫካ ውስጥ “ስማ” ሲሉ እሷን ይላሉ። በጋብቻ በገባሁበት በሸለቆ ግን ለሬሳ እንጂ ለሌላ አትባልም። ባል ሲሞት ሚስት፣ ሚስት ስትሞት ባል፣ ሦስት ምስክር ደጅ ቆሞ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሟቹ ይላታል። “ጨርሰሃል፣ ሂድ፣ ለቅቄሃለሁ” እንደማለት ነው። ምስክሮቹ “ሰምተናል” ሲሉ ሬሳው ይነሳል። ሳትባል የተቀበረ ሰው አይሄድም፤ ከአፈሩ በታች ሆኖ ሲጠብቅ ይኖራል ይላሉ። እኔ ለባለቤቴ ያልኳት ቃሏ በአዋጅ ከመከልከሏ በፊት ነው፤ እግዜር ይመስገን።

በገበያ ቀን ስድስቱም ሕዝቦች ሲገናኙ ሁካታ ነበር። አንዱ ቆለኛ ጥጃውን ሲጠራ ደገኛው አህያውን ያቆማል፣ የጨው ሜዳው ሰው ጥላ ፍለጋ ቀና ይላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣ የሸለቆ ሰው ደግሞ ሞቼ ይሆን ብሎ ደረቱን ይዳብሳል።

“ምነው ወዳጄ፣ ጥላ አለ ብለህ ጠርተኸኝ ጥጃ ታሳየኛለህ?” ይላል የጨው ሰው።

“ተጠጋውና ሞክረው።”

“ያጠላልኛል?”

“ምን ያጠላልሃል፣ ይልስሃል እንጂ! ከእግር እስከ ራስህ ጨው አይደለህ?”

ተሳስቀው ይለያያሉ። በቃሏ ምክንያት ሰው ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ቃሏ የማን ናት ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ስድስቱን የሚያስማማ አንድ ወግ ግን ነበር፤ እሱን ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። በዚያ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ካልተጠየቀ የልቡን አይናገርም። “ይህ በግ ያንተ ነው?” ሲባል፣ የራሱም ቢሆን፣ “ኧረ የጎረቤቴ ነው” ይላል። ጎረቤቱም “የእሱ ነው” ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛ ሲጠየቅም እንደዚያው ነው። በሦስተኛው ጊዜ ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ “እንግዲህ የኔ ነው” ይላል፤ በጉንም ይወስዳል። በመጀመሪያው “የኔ ነው” ያለ ሰው ነጣቂ ይባላል፤ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። የኛ የወንዝ ዳር ሰዎች ሲቀልዱ፣ ውኃ የሚወስደው ሰው ገመድ ቢወረውሩለት “ግድ የለም፣ እናንተ ትፈልጉታላችሁ” አለ፣ ደግመው ቢወረውሩለት “አትቸገሩ” አለ፣ በሦስተኛው ያዘ ይላሉ። ቀልድ ነው። ግን ሦስቴ ሳይወረውር የሚሄድ ሰው እዚያ አገር አልነበረም።

ቤተ መንግሥቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። እዚያ ያሉት ሰዎች በግንብ ውስጥ ብዙ ትውልድ ስለኖሩ ይህን ወግ አያውቁም። ቃሏንም አያውቋትም ነበር፤ አንድ ቀን ንጉሡ በገበያው ሲያልፉ እስኪሰሟት ድረስ። ንጉሡ ምን ማለት ናት ብለው ስድስት ሰው ቢጠይቁ ስድስት መልስ አገኙ። ፊታቸው ተለወጠ አሉ።

“ስድስት ነገር በአንድ ቃል ይባላል፤ ከስድስቱ የትኛው ነው ስለ እኔ የሚባለው?” ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም፤ ስለ እሳቸው የሚባል አልነበረማ። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራቸው።

ብዙ ሳይቆይ በጅሮንድ ልጥይበሉ የሚባሉ ሹም ተሾሙ፤ ማዕረጋቸው የቃል በጅሮንድ ነው። ቀድሞ የጨርቅ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ወፍራም፣ ላብ የማያጣቸው፣ ክፉ የማይባሉ ሰው ናቸው። ገበያው መሐል ስድስት በርጩማ ክብ አስደረደሩ፤ ስድስቱን ሽማግሌዎች አስቀመጡ፤ መሐል ላይ የቃሏ ማደሪያ ነው ያሉትን አንድ አዲስ ማሰሮ አኖሩ። የባለቤቱ ስም ሲታወቅ ማሰሮው ፊቱ ይቀመጣል፤ ቃሏም የእሱ ትሆናለች፤ ሌሎቹ አምስቱ ይተዋሉ። ሥርዓቱ ይህ ነው ተባለ።

“ይህች ቃል የማን ናት?” ብለው ጠየቁ በጅሮንድ።

የደጋው ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው “እኛ እንዲያው እንጠቀምባታለን እንጂ የወንዝ ዳር ሰዎች ናት” አሉ። የኛው ሽማግሌ “ኧረ እኛ ምን አለን! የቆለኞቹ ናት” አሉ። ቆለኛው ለጨው ሜዳ ሰጡ፤ የጨው ሜዳው ለማር ቆራጮች ሰጡ፤ ማር ቆራጩ ለሸለቆ ሰጡ። የሸለቆው ሽማግሌ አባ ደርሶልኝ ነበሩ፤ በጣም የተከበሩ ሰው። እሳቸውም ፈገግ ብለው “የደገኞቹ ናት” አሉና ቃሏ ዞራ ከተነሳችበት ደረሰች። ሕዝቡ ደስ አለው። እንደዚያ ያማረ መልስ ከታየ ብዙ ጊዜው ነበር።

በጅሮንድ ማሰሮውን በጭቃ አሸጉ።

“ባለቤት አልተገኘላትም” አሉና ተነሡ።

“ጌታው፣ ጥያቄውስ?” አሉ አባ ደርሶልኝ።

“የምን ጥያቄ?”

“ሁለተኛው ነዋ።”

“መንግሥት አይደግምም” አሉ በጅሮንድ። “ሁለቴ የሚጠይቅ መንግሥት የመጀመሪያውን አልሰማም ማለት ነው።”

ማሰሮውን አስይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። አዋጁ ገና ስላልወጣ ታንከኞቻችን በዚያችው ቃል እየጮኹ ስበው አሻገሯቸው። ስድስቱ ሽማግሌዎች ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ከበርጩማቸው አልተነሱም። ሰውዬው ምሳ በልተው ይመለሳሉ ብለው ነበር።

አዋጁ መጣ። ባለቤት የሌለው ንብረት የቤተ መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ቃሏን ማንም እንዳይላት። ቃሏን ለሚፈልግ ምትክ ተሰጥቷል፤ ምትኩም “ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ቃል” የሚል ነው። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ በሉ ተባለ። በጅሮንድ ለማስፈጸም ተመልሰው ከእኛ በኩል ሰፈሩ፤ ቀንድ የያዙ አድማጮችም መጡ። ቀንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ።

ጥጃዎቹ በምትኩ ቃል ሲጠሩ ዞረው አላዩም። በደጋ አንዲት እናት “ከዚህ በላይ የተጠቀሰው…” ብላ ሳትጨርስ የልጇ እጅ ከፍም ላይ አረፈ። በወንዝ ዳር የባሰ ሆነ። ታንኳ የሚስብ ሰው በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ጩኸት ነው የሚስበው። ያ ረጅም ምትክ አንዱ ሲጀምረው ሌላው ይጨርሰዋል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቅቃል፤ ገመዱ ይላላል፤ ውኃው ታንኳውን ይዞ ይሄዳል። መሻገሪያው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ የሚመጣው በዋናተኛ ነበር።

ሰው በሹክሹክታም ቢሆን ቃሏን ይል ነበር፤ የአፍ ዋስ የሚባል ነገር ባይመጣ። እያንዳንዱ ሰው ለአፉ ዋስ እንዲጠራ ተደረገ። ቃሏን ያለ ሰው ራሱ አይነካም፤ ዋሱ ግን ተይዞ ዝም ቤት የሚሉት እስር ቤት ይገባል። ከዚያ የተመለሰ አላየሁም። ይህን ያሰበ ሰው የዚያን አገር ሕዝብ ጠባይ በዚህ በኩል ብቻ በደንብ ያውቅ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሻል የአፏ ዋስ አድርጋ እኔን ጠራች። ባሏ ሰጥአርጌ ለታንኳዎቹ ገመድ እየገመደ የሚኖር፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። መሻገሪያው ከቆመ በኋላም መገመዱን አልተወም፤ “አንድ ቀን ሳቡ ይባላል” ይል ነበር። በዚያው ክረምት ሞተ።

በሸለቆ ወግ፣ ሚስት መንገድ ላይ ሳለች ባል ቢሞት ሬሳው በቆዳ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩ የወይራ ጭስ እየተጨሰ እስክትመለስ ይጠብቃታል። እትዬ ይመኙሻል እዚያው ቤቷ ነበረች፤ ግን ልትለቅቀው ስላልቻለች ቆጥ ላይ አወጣችው። ጠዋት ጠዋት ቀና ብላ “ሰጥዬ፣ ዛሬም አልሆነም” ትለው ነበር፤ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር።

ወደ በጅሮንድ አብረን ሄድን፤ ያለ አፍ ዋስ ሹም ፊት መቅረብ ክልክል ነው።

“ጌታዬ፣ ባሌ ሞቷል” አለች።

“እግዜር ያጽናሽ። ቀበርሽው?”

“አልሄደም እኮ።”

“ሞቷል አላልሽም?”

“ሞቷል። አልሄደም። ሂድ የምለውን ወስዳችሁብኛል።”

“ምትክ ተሰጥቶሻል።”

“ብዬው ነበር ጌታዬ።”

“እና?”

“ሰጥአርጌ በቁሙ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ‘ምን አልሽ አንቺ?’ ነው የሚለኝ። አሁንም አልገባውም። እየጠበቀ ነው።”

አድማጩ አፉን ይዞ ሳቀ። በጅሮንድ አልሳቁም። “እኔ ምን ላድርግሽ? ባለቤት የሌላትን ነገር ለማን ልመልስ?” አሉ።

“ጠይቁና።”

“ጠይቀናል።”

“አንዴ ነዋ የጠየቃችሁ! ሰው አንዴ ተጠይቆ እውነቱን ይናገራል? እርስዎ ሰው ቤት ሲሄዱ ብሉ ሲባሉ በአንዴው ይበላሉ?”

“አዎ፣ እበላለሁ” አሉ በጅሮንድ ግራ ገብቷቸው።

እትዬ ይመኙሻል ፊቷን ሸፈነች። ስለ እሳቸው አፍራ ነው የሸፈነችው።

ሰውዬው ግን ነገሩን አልተውትም፤ ወደ ማዶ ጻፉላት። መልሱ እስኪመጣ የቆጡ እንጨት በጭሱ ጠቁሮ ነበር። በንጉሡ ቸርነት ለሁለተኛ ጊዜ ይጠየቃል ተባለ። የጥያቄው ዕለት ጠዋት እትዬ ይመኙሻል አባ ደርሶልኝ ደጅ ሄዳ ተንበረከከች፤ አብሬያት ነበርኩ።

“አባ፣ ዛሬ የኛ ናት ይበሉልኝ።”

“ሁለተኛው ነው እኮ ልጄ። ሦስተኛው ሲመጣ እላለሁ።”

“ሦስተኛው ባይመጣስ?”

“እንዴት ሁለት ብሎ ሦስት ሳይል የሚቀር ሰው ይኖራል?”

“አንድ ብለው ቀርተው ነበር እኮ አባ!”

 አባ ደርሶልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ደግሞ የኛ ናት ብል ማሰሮው እኔ ፊት ይቀመጣል። አንቺ ባልሽን ትሸኛለሽ። የወንዝ ዳር ሰው በምን ይስባል? ያቺ እጁ የተቃጠለ ልጅ እናትስ?” አሉ። እኔን አዩኝ። 

በርጩማዎቹ ተደረደሩ። ዋናው ማሰሮ ማዶ ስለሆነ በምትኩ ባዶ ማሰሮ መሐል ተቀመጠ። ጥያቄው ተጠየቀ። ደገኛው ለወንዝ ዳር፣ ወንዝ ዳር ለቆላ፣ እንደ በፊቱ። በዚህኛው ግን ፈገግ ያለ ሽማግሌ አልነበረም። አባ ደርሶልኝ ጋ ሲደርስ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

“የደገኞቹ… የደገኞቹ ናት” አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ይመኙሻል ከሕዝቡ መሐል ብድግ አለች። “የሁላችን ናት!” ብላ ጮኸች።

በጅሮንድ ዞር ብለው ከኋላቸው የተቀመጠውን መዝገብ ያዥ አዩ፤ መዝገብ ያዡ የለም ሲል ራሱን ነቀነቀ። “ሁላችን የሚል በርጩማ የለንም” አሉ በጅሮንድ። “ይሁን፤ ሁላችን የሚባል ካለ ይነሳና ይታይ።”

አሁን ሳስበው አገሩ የሚድንበት ቀን ያ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ሰው ከጎረቤቱ ቀድሞ አይነሳም። ሁሉም ጎንና ጎኑን ያይ ጀመር። “እርስዎ ይቅደሙ” ይላል አንዱ። “ኧረ በእግዜር፣ እርስዎ እያሉ!” ይላል ሌላው። “እኔማ ልጅዎ ነኝ፣ ይነሱ።” “አንተ ተነስ፣ እከተልሃለሁ።” ሜዳው በሙሉ በዚህ ተሞላ። የተቀመጠው ሁሉ ለመነሳት ጉልበቱን ሰብስቦ የጎረቤቱን ጉልበት ይጠብቃል።

በጅሮንድ ላባቸውን ጠረጉ። የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች።

“አንቺ ነሽ ሁላችን?” አሏት። በፌዝ አልነበረም፤ መዝገብ ላይ ሊያጽፉት ፈልገው ነው።

እትዬ ይመኙሻል ዙሪያዋን አየች። “አይደለሁም ጌታዬ” አለች። ተቀመጠች።

‘እርስዎ ይቅደሙ’ መባባሉ ገና ሳያልቅ በርጩማዎቹ ተሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ። አባ ደርሶልኝ ሞቱ፤ እሳቸውም ቆጥ ላይ ወጡ። በሸለቆ ቆጥ የሌለበት ቤት ጠፋ፤ ጭሱ ሸለቆውን ሞላው፤ የሳል አገር ሆንን። እትዬ ይመኙሻል አረጀች። ሚስት ሳትለቅቀው ከሞተች ባልን የሚለቅቅ ሌላ ሰው የለም፤ ልጅ አይችልም፣ ዘመድ አይችልም። እሷን ያስጨነቃት ሞቷ ሳይሆን ይህ ነበር። በግድግዳው በኩል ትንፋሿን ሰብስባ ቃሏን ልትል ስትነሳ፣ ከዚያ ስትተወው ይሰማኝ ነበር። የምትተወው በእኔ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ልሄድ ወሰንኩ። ዋስ ከአገር ከጠፋ ዋስትናው ይፈርሳል ብዬ ነው። ስሰናበታት የወይራ ፍልጥ ትሰበስብ ነበር።

“ወዴት ነው ወንድም ዓለም?” አለችኝ።

“ወንዙን ላየው ናፍቆኝ ነው።”

“በስተርጅና ዋሸህ” አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

በአቁማዳ ላይ ተንሳፍፌ፣ ውኃው ከአገሩ ወሰን ውጭ ጣለኝ። እዚህ ደርሼ ጥቂት እንደቆየሁ አድማጮቹ ሌላ ዋስ እንደመደቡላት ሰማሁ። ገና የምታጠባ፣ ሁለት ልጆች ያሏት የጎረቤት ሴት ናት። ይህን ስሰማ ለብዙ ቀን እህል አልወሰድኩም።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። የጨው ሜዳ ነጋዴ ግመሎቹን ሊያጠጣ አጠገቤ አረፈ። ከየት እንደመጣ ሦስቴ ጠየቅሁት፤ በሦስተኛው ነገረኝ።

“ሦስተኛው ጥያቄ መጥቷል” አለኝ።

“ተጠየቀ?” አልኩት።

“የት ተጠየቀ! ወንዙ መሐል ነው ያለው።”

ንጉሡ በስተመጨረሻ ፈቅደዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ያልሠራው እውነተኛው ማሰሮ ስላልነበረ ነው ተብሎ፣ ማሰሮው ራሱ ይሂድ ተባለ። ማሰሮ በዋናተኛ አይሻገርም፤ መሻገሪያው ሲቆም የተቀመጠው ታንኳ ወጣ፤ ሰጥአርጌ ገምዶ ያስቀመጠው ገመድ ታሰረለት። ሹማምንቱ ማሰሮውን አቅፈው ታንኳው ላይ ናቸው። ከእኛ በኩል ታንከኞቹ ገመዱን ይዘው ቆመዋል። “ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ቃል” ይላል አንዱ፤ ሌላው ገና “ከዚህ በላይ” ላይ ነው፤ ገመዱ ይላላል፤ ታንኳው ይዞራል። ሹማምንቱ በማዶ ቋንቋ “ሳቡ! ሳቡ!” እያሉ ይጮኻሉ፤ እጆቹ ግን አይገጥሙም። ዳሩ ላይ ስድስቱም ሕዝብ ቆሟል። ታንኳውን የምታመጣውን ቃል ሁሉም ያውቃታል።

“አንዲት አሮጊት አላየህም?” አልኩት። “ጭስ ጭስ የምትሸት?”

“አይቻለሁ። ከፊት ናት፤ በምርኩዝ ቆማለች። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አጠገቧ ሆና አፍ አፏን ታያታለች።”

“አሮጊቷ ምን አለች?”

“ንፋስ ነበር፤ አልሰማሁም” አለ ነጋዴው። “እኔ ሳልፍ አፏን ከፍታ ነበር።”

ግመሎቹ ጠጥተው ጨረሱ፤ ጭኗቸው ሄደ። ማክሰኞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዚያ አገር የመጣ ሰው አላገኘሁም።